«በዛሬው ዕለት» ብለን ስንጽፍ የየትኛው አቆጣጠር ዕለት ነው?

የታሪክ መምህር፣ ባሕር ዳር

ጤና ይስጥልኝ። የትምህርት ቤታችን የታሪክ ክበብ አባላት በተመሳሳይ ቀን የተፈጸሙ ድርጊቶችን እየሰበሰቡ «በዛሬው ዕለት» በሚል ርዕስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጥፋሉ። ለሚያዝያ 27 ሦስት ድርጊቶችን መርጠዋል፤ በ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ መግባቱን፣ በ1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ መዲናቸው መመለሳቸውን፣ እንዲሁም ናፖሊዮን እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 1821 በቅድስት ሄለና ደሴት መሞቱን። በግድግዳው መቁጠሪያ ላይ ከሚያዝያ 27 ሥር በትንሹ የተጻፈው ሜይ 5 ስለሆነ ሦስቱን አንድ ላይ አድርገዋቸዋል። ክርክር የተነሣው በዓድዋ ላይ ነው። የውጭ መጻሕፍት ድሉን ማርች 1 ቀን 1896 ሲያደርጉት፣ እኛ የምናከብረው የካቲት 23 ግን ማርች 2 ላይ ይውላል። ታዲያ የተሳሳተው ማን ነው?

ከጊዮርጊስ አካባቢ

መምህር፣ የተሳሳተ የለም። በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን በየአራት ዓመቱ ያለማቋረጥ ስድስት ቀን ትሆናለች። በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ግን ለ100 የሚካፈል ዓመት ለ400 ካልተካፈለ በቀር ፌብሩዋሪ 29 የለውም። 1900 እንዲህ ያለ ዓመት ስለነበር፣ ከዚያ ወዲህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በአንድ ቀን ሰፍቷል። ስለዚህ በ1888 ዓ.ም. የካቲት 23 በትክክል ማርች 1 ላይ ውሎ ነበር፤ ዛሬ ማርች 2 ላይ ይውላል፤ ከ2100 ጀምሮ ደግሞ ማርች 3 ላይ ይውላል። የተንቀሳቀሰው የፈረንጆቹ ቀን እንጂ የእኛ አይደለም። ዓድዋ የተደረገው እሑድ፣ በዕለተ ጊዮርጊስ ነበር፤ ዛሬም የካቲት 23 በባሕር ዳር ጊዮርጊስ ወርኃዊው በዓል ከድሉ መታሰቢያ ጋር አብሮ ይውላል። በዚሁ ስሌት ናፖሊዮን የሞተው ሚያዝያ 28 ቀን 1813 ዓ.ም. ስለሆነ ከሰሌዳው ቢነሣ ይሻላል።

የጎጃም ታሪክ ወዳጅ

ስሌቱ ትክክል ነው፤ እኔ ግን ተማሪዎቹ በሚያዝያ 27 ላይ ጠለቅ ብለው እንዲጽፉ እመኛለሁ። የ1928ቱና የ1933ቱ ሚያዝያ 27 መገጣጠም ዕድል አይደለም፤ ታስቦበት የተመረጠ ቀን ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ከሱዳን በኦሜድላ በኩል ገብተው፣ ከአርበኞችና ከእንግሊዞች ጋር ጎጃምን አቋርጠው መጋቢት 28 ደብረ ማርቆስ ደረሱ። በዚያችው ዕለት አዲስ አበባ ከጣሊያን እጅ ወጣች። ወደ መዲናቸው የገቡት ግን ወር ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ጠላት ከተማዋን በያዘባት ዕለት፣ ልክ በአምስተኛው ዓመት ነበር። ደርግ በዘመኑ የድል በዓሉን ወደ መጋቢት 28 አዛወረው፤ ከደርግ ውድቀት በኋላ ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ። ሁለቱም ቀኖች እውነተኛ ታሪክ አላቸው፤ የትኛው ይከበር የሚለው ግን የከተማዋ ነፃ መውጣት ወይስ የንጉሡ መመለስ ይቅደም የሚል ጥያቄ ነው። የጎጃም ልጆች መጋቢት 28ን ቢረሱ በጣም ያሳዝነኛል።

ሌላ አንባቢ፣ ባሕር ዳር

የውጭውን ታሪክ ሁሉ ወደ እኛ አቆጣጠር መመለስ አለበት በሚለው አልስማማም። የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች የነበሩት ጆን አዳምስና ቶማስ ጄፈርሰን ሁለቱም የሞቱት የነፃነት አዋጁ 50ኛ ዓመት በተከበረበት ዕለት፣ ጁላይ 4 ቀን 1826 ነው። ይህን ወደ እኛ ስንመልሰው አዋጁ ሰኔ 29 ቀን 1768፣ ሞታቸው ግን ሰኔ 28 ቀን 1818 ዓ.ም. ይሆንና ሕዝቡን ያስደነቀው መገጣጠም ይጠፋል። እነዚያ ሰዎች ዕለቱን የኖሩት በራሳቸው መቁጠሪያ ስለሆነ፣ በጁላይ 4ነቱ ቢጻፍ ነው ትርጉም የሚኖረው። መቀላቀል የሌለበት በአንድ ዝርዝር ውስጥ ሁለት አቆጣጠር ነው፤ ለእኛ ታሪክ አንድ ዓምድ፣ ለውጩ ሌላ ዓምድ ቢከፈት ተማሪዎቹ አይደናገሩም።

የታሪክ መምህር፣ ባሕር ዳር

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሰሌዳውን በሁለት ዓምድ እንከፍለዋለን፤ ናፖሊዮን በሜይ 5 ሥር ወደ ውጩ ዓምድ ይሄዳል። መጋቢት 28 ደግሞ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣለታል፤ ከደብረ ማርቆስ የመጡ ሁለት ተማሪዎች ሊያዘጋጁት ተረክበዋል።