በሁለት አልበሞች መካከል አድማጭን ስለ ማቆየት ምክር እጠይቃለሁ

የአንድ አነስተኛ የሙዚቃ ቡድን ሥራ አስኪያጅ ነኝ። የመጨረሻው አልበማችን ሲወጣ አድማጮቻችን ሲዲውንም ቲሸርቱንም በደስታ ገዝተው ነበር፤ ቀጣዩ ሥራ ገና ስቱዲዮ ውስጥ በመሆኑ ግን ሽያጩ ከሞላ ጎደል ቆሟል።

በየጊዜው ነጠላ ዜማ መልቀቅን አስበናል፤ ሆኖም ምርጦቹን ዘፈኖች አስቀድመን ካወጣን አልበሙ አዲስነቱን ያጣል የሚል ስጋት ስላለኝ፣ የአኮስቲክ ቅጂዎችን፣ የመድረክ ቀረጻዎችንና ያልተጠናቀቁ ረቂቆችን ለሽያጭ ማቅረብ የተሻለ ይመስለኛል። ሙዚቀኞች ሥራቸውን በቀጥታ ለአድማጭ የሚሸጡበት ባንድካምፕ የተባለው ድረ-ገጽ ከቲሸርትና ከመሳሰሉት ዕቃዎች ሽያጭ ለራሱ 10 በመቶ ስለሚወስድ፣ ከቅጂዎቹ ጎን ለጎን ዕቃዎችን ለመሸጥም ይመቻል። ደጋፊዎች ለአርቲስቶች ገንዘብ በሚከፍሉበት ፓትሪዮን በተባለው ድረ-ገጽ በኩል ግን ደጋፊው በየወሩ ስለሚከፍል በየወሩ አዲስ ነገር ይጠብቃል፤ ቃል ገብቶ ማጓደል ደግሞ ጭራሽ ካለመጀመር የከፋ ነው።

ማኅበራዊ ሚዲያው መልእክታችንን ለማን እንደሚያሳይ ራሱ ስለሚወስን፣ የኢሜይል አድራሻቸውን የሰጡንን ጥቂት አድማጮች አብልጬ እተማመንባቸዋለሁ፤ ነገር ግን በየስንት ጊዜው ብንጽፍላቸው እንደማይሰለቹ መወሰን አቅቶኛል።

በዚህ ሥራ ልምድ ያላችሁ፣ በእነዚህ ነጥቦች ላይ፣ በተለይም ዕቃዎችን በቅድሚያ ትዕዛዝ ብቻ በትንሽ ቁጥር አሠርቶ መሸጥ ያዋጣ እንደሆነ ብትገልጹልኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።