የእድር መዝገብ መተግበሪያዬ መረጃ ሲያስቀምጥ እየዘገየ ስለተቸገርኩ እርዳታችሁን እጠይቃለሁ

ለሰፈራችን እድር የአባላትን መዋጮ የሚመዘግብ መተግበሪያ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ሠርቼ ነበር። መረጃው በሙሉ በአንድ የጄሰን (መረጃን በጽሑፍ መልክ የሚይዝ ቅርጸት) ፋይል ውስጥ የሚቀመጥ ሲሆን፣ ጸሐፊያችን አንድ ክፍያ ባስገቡ ቁጥር ፋይሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንደ አዲስ ስለሚጻፍ፣ አሁን «አስቀምጥ» የሚለውን ከተጫኑ በኋላ ስክሪኑ ለ9 ሰከንድ ያህል ቀጥ ይላል። ደረሰኛቸውን የሚጠብቁ አረጋውያን ተሰልፈው ስመለከት በጣም አዝናለሁ።

የፋይሉን መጠን በተመለከተ አንድ ምክንያት አግኝቻለሁ። የፓይተን የጄሰን መጻፊያ ካልከለከሉት በቀር እያንዳንዱን የአማርኛ ፊደል 6 ቁምፊ ወዳለው ኮድ ስለሚቀይረው፣ በዩቲኤፍ-8 (በተለመደው የፊደላት ኮድ) ቢጻፍ 9 ባይት ብቻ የሚይዘው «ሰላም» የሚለው ቃል 18 ባይት ይወስዳል። ይህን አስተካክዬ፣ ፋይሉንም በጂዚፕ ጨምቄ መጠኑ በእጅጉ ቢቀንስም፣ ሙሉውን ፋይል ደጋግሞ መጻፉ ስላልቀረ መዘግየቱ አልተወገደም።

ከዚያም ኤስኪውላይት የተባለውን አነስተኛ የመረጃ ቋት ሞከርኩ። የቆዩትን መዝገቦች አንድ በአንድ ሳስገባ እያንዳንዱ ዲስክ ላይ መስፈሩ እስኪረጋገጥ ስለሚጠበቅ ሥራው እጅግ ተጓተተ፤ በአንድ ትራንዛክሽን (በአንድ ላይ በሚጸድቅ የሥራ ጥቅል) ሳጠቃልላቸው ግን ወዲያው አለቀ።

አሁን የቸገረኝ የዕለት ክፍያው ነው። «ዋል» የሚባለውን፣ ለውጦችን መጀመሪያ በተለየ ፋይል ላይ የሚጽፈውን የአጻጻፍ ስልት ከፍቼ፣ መረጃው ዲስክ ላይ መስፈሩ መቼ እንደሚረጋገጥ የሚወስነውን የ«ሲንክሮነስ» ቅንብር «ኖርማል» ላይ ባደርገው፣ መብራት በድንገት ሲጠፋ የመጨረሻዎቹ ክፍያዎች ሊጠፉ ይችላሉ የሚል ስጋት አለኝ፤ የሰው ገንዘብ ስለሆነ አንዲትም ክፍያ እንድትጎድል አልፈልግም። እያንዳንዱ ክፍያ ዲስክ ላይ መስፈሩን በሚያረጋግጠው «ፉል» ላይ ብተወው በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ፍጥነቱ በቂ ይሆናል? በተግባር የሞከራችሁት ካላችሁ እባካችሁ አስረዱኝ።