«ወርቃማ ቶፓዝ» ተብሎ የተሸጠ ድንጋይ፦ እውነት ቶፓዝ ነው? ውሃውስ ይጠጣል?

ጀማሪ፦
ያልተሞረደ ድንጋይ ነው፣ 5.30 ግራም። ጫፉ ደማቅ ብርቱካናማ፣ ሥሩ ነጭ። «ውሃ ውስጥ አሳድረህ ጠጣው፣ ለሆድ ቁርጠት ፍቱን ነው፤ ገንዘብም ይስባል» ተብሏል። ሳልሰብረው በምን ልለየው?

ሚዛን፦
0.01 ግራም የሚያነብ ሚዛን ካለህ አያስቸግርም። ግማሽ ድረስ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጥና ወደ ዜሮ መልሰው። ድንጋዩን በቀጭን ክር አንጠልጥለህ ሙሉ በሙሉ አስጥመው፤ ታችም ጎንም እንዳይነካ። 5.30ን ሚዛኑ ላይ ለወጣው ቁጥር አካፍል፤ የሚወጣው እፍጋቱ ነው፣ ማለትም ድንጋዩ በመጠን እኩል ከሆነ ውሃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ። 2.00 ካነበበ ውጤቱ 2.65 ነው፤ ኳርትዝ የሚባለው ማዕድን፣ በዚህ ቀለሙ ደግሞ ሲትሪን የሚባለው ዓይነት። ቶፓዝ ቢሆን 1.50 አካባቢ ያነብ ነበር፣ እፍጋቱ 3.5 ነውና።

ጀማሪ፦
2.31 አነበበ። 2.29 ወጣ፤ ምንም አይመስልም።

ሚዛን፦
የአየር አረፋ ነው። ሻካራ ድንጋይ ስንጥቁ ውስጥ አየር ይይዛል፤ ንባቡን ከፍ፣ ውጤቱን ዝቅ ያደርጋል። ውሃው ላይ አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምርና ድንጋዩን በብሩሽ እሸው።

ጀማሪ፦
2.01! 2.64 ማለት ነው።

አሸዋ፦
ተራ መስታወትም 2.5 አካባቢ ስለሆነ አትቸኩል። በማይታይ ጫፉ የማትፈልገውን ጠርሙስ ጫር፤ ኳርትዝ ከ1 እስከ 10 ባለው የማዕድን ጥንካሬ መለኪያ 7 ስለሆነ ጠርሙሱን ይቧጭራል። ከቧጨረ፣ ቀለሙ ራሱ ቀሪውን ይናገራል፦ ብርቱካናማ ጫፍ ከነጭ ሥር ጋር የተጋገረ አሜቴስት መልክ ነው። ሐምራዊው ድንጋይ 450 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲሞቅ ውስጡ ያለው ብረት ቀለሙን ይለውጠዋል። ተፈጥሯዊው ሲትሪን ገረጣ ያለ፣ ጭስ የነካው ቢጫ ነው። የተጋገረውም ሲትሪን ይባላል፤ የቶፓዝ ዋጋ ግን አይገባውም። (የመጽሐፍ ቅዱሱ ቶጳዝዮንም ብዙ ሊቃውንት እንደሚሉት አረንጓዴው ፔሪዶት ነው፤ ስሙ ድሮም ሲያምታታ ኖሯል።)

ብርሃን፦
ስለ ፈውሱ፦ በክሪስታል ልማድ ሲትሪን ከእምብርት በላይ ላለው ቻክራ (በልማዱ የሰውነት የኃይል ማዕከል ለሚባለው ቦታ) ይሰጣል፣ ሆድ ላይ የሚያኖሩት ለዚህ ነው። «የነጋዴ ድንጋይ» ብለው ገንዘብ ሣጥን ውስጥም ያስቀምጡታል። መነሻው ቀለሙ ነው፤ ፀሐይና ወርቅ ይመስላል። ቁርጠት እንደሚያስታግስ የሕክምና ማስረጃ የለም። ኳርትዝ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አይሟሟም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ውሃው ያው ውሃ ነው። ስንጥቁ ውስጥ የቀረ የማጽጃ አሲድ ወይም ሙጫ ግን አብሮ ይገባል። ልማዱን ካልተውክ ድንጋዩን ከብርጭቆው ውጭ አስቀምጠው። ወርቅ መሳዩን ፒራይትማ ፈጽሞ ውሃ ውስጥ አትክተት፤ አሲድ ያወጣል።

«በፀሐይ ኃይል ይሞላል» የሚለውንም ተወው፤ ፀሐይ ላይ ሲከርም ቀለሙ ሊደበዝዝ ይችላል። ለብ ያለ ውሃ፣ ሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃዋል። የፈላ ውሃና እንፋሎት ሊሰነጥቁት ይችላሉ።