ለጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ነፃ ፀረ ቫይረስ ይበቃልን?

ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ አነስተኛ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ደንበኞቼ የሚያሳትሙትን ሁሉ በፍላሽ ይዘው ስለሚመጡ፣ ሁለቱ ኮምፒውተሮቼ ፋይል ደብቆ በምትኩ ሾርትከት በሚያስቀምጥ ቫይረስ በተደጋጋሚ ይጠቃሉ፤ ባለፈው ሳምንትማ የአንዲት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ የጠፋ መስሎን፣ የተደበቁ ፋይሎችን የሚያሳየውን ምርጫ እስክናበራ ድረስ ሁለታችንም በድንጋጤ ደርቀን ነበር።

እስካሁን የምጠቀመው ከዊንዶውስ 10 ጋር የመጣውን ዲፌንደር የተባለ ፀረ ቫይረስ ብቻ ነው። ገንዘብ አይጠይቅም፤ ግዛኝ እያለም አያሰለችም። ሆኖም ኢንተርኔት የማገኘው በሞባይል ዳታ በመሆኑ፣ እድሳቱን ለሳምንታት አዘገየዋለሁ (ጥፋቱ የእኔ ነው)። ሌላ ነፃ ፕሮግራም እንዳልጭን ደግሞ ነፃ ፀረ ቫይረስ የሚያቀርበው የአቫስት ኩባንያ ጉዳይ ያሳስበኛል፤ ኩባንያው የተጠቃሚዎቹን የድረ ገጽ አሰሳ መረጃ በመሸጡ፣ የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2024 እ.ኤ.አ. 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አድርጎታል። የሚከፈልበትን ልግዛ ብል በዶላር የምከፍልበት ካርድ የለኝም።

ስለዚህ በሙያው ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ የዲፌንደርን የእድሳት ፋይል ዋይ ፋይ ካለበት ቦታ አውርጄ በፍላሽ ማምጣት የምችልበትን መንገድ ብታስረዱኝ፣ እንዲሁም እንደ እኔ የሰው ፍላሽ ቀኑን ሙሉ ለሚሰካበት ቤት የሚከፈልበት ፕሮግራም በእርግጥ የተሻለ ጥበቃ ያስገኝ እንደሆነ ብትነግሩኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።