ብርድ ሲሆን መሪው ያቃስታል፣ ምን ይሆን?

ጠያቂ፦ የሚኒያፖሊሱ
ሰላም ወገኖች። መኪናዬ የ2005 ቶዮታ ካምሪ ናት፣ ባለ አራት ሲሊንደር። ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሲደርስ ጠዋት አስነስቼ መሪውን ሳዞር ኡኡኡ የሚል ድምፅ አለ፣ መሪውም ይከብዳል። አስር ደቂቃ ያህል ስነዳ ይጠፋል። ሙቀት ሲገባ ጭራሽ የለም። መሬት ላይም የፈሰሰ ዘይት አላየሁም። አንድ ጋራዥ ወስጃት ኮፈኑን እንኳን በደንብ ሳያዩ ራኩ፣ ማለትም የመሪውን መዞር ወደ ፊት ጎማዎች የሚያስተላልፈው ክፍል፣ ይቀየር አሉኝ፣ ዋጋውን ስሰማ ይዣት ወጣሁ። ልጆቼን የማመላልሰው በሷ ስለሆነ ጨንቆኛል። የምታውቁ እባካችሁ።

መላሽ፦ ጋሽ መካኒክ
ወንድሜ፣ ራኩን ለጊዜው ተወው። ራክ ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ ዘይት ያፈሳል ወይም ይንኳኳል። ያንተ ድምፅ የመሪ ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ ነው የሚመስለው። ዘይት ሲቀዘቅዝ ይወፍራል፣ ፓምፑ እንደልቡ መሳብ ስለሚያቅተው ይጮኻል። በእንዲህ ያለ ብርድ አንድ ሁለት ደቂቃ ቢያቃስት አይገርምም፣ አስር ደቂቃ ግን በዛ።

ሞተሩ ሳይሞቅ የመሪ ዘይቱን እየው። ለቀዝቃዛ የተሰመረ ምልክት አለው፣ ከዛ በታች ከሆነ ጎድሏል። ቀጥሎ ሰው አስነስቶ መሪውን ግራና ቀኝ ሲያዞርልህ አንተ የዘይቱን ዕቃ ተመልከት። አረፋ ካለው ወይም ማኪያቶ ከመሰለ አየር እየገባበት ነው።

መሬት ላይ ዘይት የለም ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም። ከዕቃው ወደ ፓምፑ የሚሄደው ቱቦ ዘይት የሚሳብበት እንጂ የሚገፋበት አይደለም። እዛ ጋ ያለችው ኦሪንግ (መገጣጠሚያውን የምትዘጋ የጎማ ቀለበት) ስታረጅ ብርድ ያጠነክራታል፣ ስለዚህ ጠብታ ሳታፈስ አየር ታስገባለች፣ ስትሞቅ ደግሞ ለስልሳ ትዘጋለች። ዋጋዋ ኢምንት ነው። መጀመሪያ እሷን ቀይር፣ የቱቦውን ማሰሪያም አጥብቅ።

መላሽ፦ ሹፌሩ ከደብረ ብርሃን
እንደናንተ አገር ባይሆንም እኛም ጋ ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ውርጭ አለ። እኔ የምጨምረው ቺንጋውን፣ ፓምፑን የሚያዞረውን ቀበቶ ነው። ድምፁ ቀጭንና ሹል ከሆነ፣ በተለይ መሪው ጥግ ሲደርስ የሚብስ ከሆነ፣ ቺንጋው እየተንሸራተተ ሊሆን ይችላል። ራቅ ብለህ ትንሽ ውኃ እርጭበት፣ ድምፁ ለአፍታ ከጠፋ ወይም ከባሰ እሱው ነው። እጅጌህንና እጅህን ግን አታስጠጋ! ደግሞ ዘይት ጎደለ ብለህ ያገኘኸውን አትጨምር፤ የፍሬን ዘይት ከገባ የፓምፑን ጎማዎች ይበላቸዋል፣ ያኔ ነው እውነተኛው ወጪ የሚመጣው።

መላሽ፦ እህት ከካልጋሪ
የኔ መሪ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፣ ዘይት የሚባል የለውም፣ ግን በብርድ ቆሜ ሳዞር ጢጥ ጢጥ ይል ነበር። የሾኩ የላይኛው ኩሽኔታ ሆኖ ተገኘ። ኮፈኑን ከፍታችሁ አንድ ሰው መሪውን ሲያዞር የሾኩ ጫፍ ላይ እጃችሁን ብታሳርፉ ንዝረቱ ይታወቃችኋል። እየነዱ ሲያዞሩ ቀጭ ቀጭ የሚል ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ጎማውን የሚያዞረው አክስል መታየት አለበት።

የሚኒያፖሊሱ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም! አየሁት፣ ዘይቱ ከምልክቱ በታች ነው፣ አረፋም አለው። ኦሪንጓን ልገዛ ነው። ጋሼ፣ ዘይቱ የትኛው ነው?

ጋሽ መካኒክ
ለዛች ካምሪ ዴክስሮን 2 ወይም 3፣ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው። ሆንዳ ያላችሁ ይህን እንዳታደርጉ፣ ሆንዳ የራሱን ነው የሚፈልገው። ኦሪንጓን ከቀየርክ በኋላ የፊቱን በክሪክ አንሳና በመቆሚያ ደግፈው፣ ሞተሩን ሳታስነሳ መሪውን ቀስ እያልክ ከጥግ ጥግ ደጋግመህ አዙር፣ ዘይቱ ሲወርድ እየጨመርክ። አረፋው ሲያልቅ አስነሳ። መሪውን ጥግ ላይ ይዘህ አትቆይ፣ ፓምፑን ያጎሳቁለዋል። አረፋ ጠፍቶ ድምፁ ከቀጠለ ፓምፑ ራሱ አርጅቷል፣ ያኔ ተመልሰህ ጻፍልኝ።