ለልጄ የዛፍ ተረት እየጻፍኩ ነበር፣ አምስተኛው ገጽ ላይ ተኛችብኝ

የኮተቤ እናት፦
ሰላም ናችሁ ቤተሰብ፣ አንድ ነገር ላማክራችሁ ነበር። ልጄ 8 ዓመቷ ነው፣ ፋንታሲ ሲባል ነፍሷ ነው፣ በር ከፍተው ሌላ ዓለም የሚገቡበት፣ ድራጎን ምናምን ያለበት። ግን የምታነበው ሁሉ የፈረንጅ ነው፣ ስኖው በዓይኗ አይታ አታውቅም ክረምቱን ሙሉ ግን ስኖው ላይ ነው የምትውለው። እና ለምን በአማርኛ እኔ አልጽፍላትም አልኩና ጀመርኩ፣ ስለ ዛፍ ይሁን አልኩ ምክንያቱም ከድሮ ቤታችን ጀርባ አንድ ትልቅ ሾላ ነበረ፣ እሱ ላይ ነው ያደግኩት ማለት ይቻላል፣ አሁን ቦታው ላይ ፎቅ ቆሟል።

ታሪኩ እንዲህ ነው፣ አንዲት ልጅ ሾላ ስር እንቅልፍ ይወስዳትና ስትነቃ ዛፉ ነጭ ጺም ያለው ፊት አውጥቶ ያናግራታል። "ልጄ ሆይ፣ እኛ ዛፎች ለሰው ልጅ ንጹህ አየር እንሰጣለን፣ አትቁረጡን" ይላታል። ከዛ ወደ ሌላ ዛፍ ይልካታል፣ ያኛውም ይመክራታል። ማታ ሳነብላት አምስተኛው ገጽ ላይ ቀና ስል ተኝታለች። ጠዋት እንዴት ነበር ስላት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው፣ "እማ፣ ዛፉ እንደ ሚስ ነው የሚያወራው።"

ከፋኝ ግን እውነቷን ነው። ስለ ዛፍ የሆነ ግን ስብከት ያልሆነ ተረት እንዴት ነው የሚጻፈው? የሞከራችሁ ወይ ከአያቶቻችሁ የሰማችሁት ካለ ወዲህ በሉ እስቲ።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጅሽ ጎበዝ ናት፣ አትቀየሚያት። ዕድሜዬን ሙሉ ሕፃናት ነው ያስተማርኩት፣ በኛ ተረት ውስጥ አውሬው ሁሉ ያወራል ግን ቁጭ ብሎ የሚመክር የለም። ጦጣ ታታልላለች፣ ጅብ ሆዱን ነው የሚያስበው፣ ሁሉም የሚፈልገው ነገር አለው፣ ለዛ ነው ልጅ ጆሮውን ቀስሮ የሚሰማው። ያንቺ ሾላ ምንድነው የሚፈልገው? አትቁረጡኝ ብቻ ከሆነ እሱ አቤቱታ ነው። ይስገብገብ፣ ይዋሽ፣ ጎረቤቱ ዋርካ ላይ ይቅና። አባባ ተስፋዬን በቴሌቪዥን ያየ ያስታውሳል፣ ድምፃቸውን ሲቀያይሩ ዓይናችን ከሳቸው አይነቀልም ነበር። ደግሞ "ተረት ተረት" ብለሽ ጀምሪና "የላም በረት" ትበልሽ፣ ሥራ ያለው ልጅ ቶሎ አይተኛም።

የደን ሰው፦
እኔ የተማርኩት ደን ነው፣ ስለ ጽሑፍ ብዙም አላውቅም፣ ግን እህቴ ሾላ ይዘሽ አስማት ፍለጋ ምን አስኬደሽ። የሾላን አበባ አይተሽ ታውቂያለሽ? አታይውም፣ ምክንያቱም አበባው እኛ ፍሬ የምንለው ነገር ውስጥ ነው ያለው፣ ጥቃቅን ሆኖ፣ ፊቱን ወደ ውስጥ አዙሮ። ታዲያ የአበባውን ብናኝ ከአንዱ ወደ አንዱ ማን ያደርሰዋል? ከትንኝ የማትበልጥ ተርብ። ፍሬው ጫፍ ላይ በጣም ጠባብ ቀዳዳ አለች፣ ሴቷ ተርብ በሷ ተጨናንቃ ስትገባ ክንፏ ይነቀላል፣ ውስጥ ከሌላ ሾላ ያመጣችውን ብናኝ ታደርሳለች፣ እንቁላሏን ትጥላለች፣ እዛው ትሞታለች። ከዛ ልጆቿ ይፈለፈላሉ፣ ወንዶቹ ክንፍ የላቸውም፣ መውጫ ዋሻ ቆፍረው ያልቅላቸዋል፣ ሴቶቹ ብናኙን ተሸክመው በዛ ዋሻ ይወጡና ሌላ ሾላ ፍለጋ ይበራሉ፣ ለዛውም ዕድሜያቸው አጭር ነው ቶሎ ማግኘት አለባቸው። ከዚህ በላይ ምን አድቬንቸር አለ?

ሌላ ዓለም የሚያስገባ በር ካልሽ ደግሞ ደቡብ ጎንደር ሂጂ። ዙሪያው ሁሉ የታረሰ ሜዳ ነው፣ ፀሐዩ ናላ ያዞራል፣ መሃል ላይ እንደ ደሴት የቤተ ክርስቲያን ደን አለ። በድንጋይ ካቡ በር ስትገቢ ባንድ እርምጃ ይቀዘቅዛል፣ ዓይንሽ እስኪለምድ ጨለማ ነው፣ ከላይ ዝግባው ላይ ጉሬዛ ይዘላል። ካቡንም አትለፊው፣ ዶ/ር አለማየሁ ዋሴ የሚባሉ ተመራማሪ ከቄሶቹና ከገበሬው ጋር ሆነው ከብት እንዳይገባ ያሳጠሯቸው ደኖች አሉ፣ ድንጋዩ ከማሳ የተለቀመ ስለሆነ ገበሬውም ማሳው ጸዳለት። ከብት ምን ያደርጋል አትበሉኝ፣ የብዙዎቹ የደን ዛፎች ዘር አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ አይጠብቅም፣ ቶሎ ካልበቀለ አበቃለት፣ በቅሎ ቅጠል ሲያወጣ ደግሞ ጥጃ ይቀረጥፈዋል። ለተረትሽ ዘንዶ አያስፈልግሽም፣ አንዲት የራባት ጥጃ ትበቃለች።

ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ፦
ዋው የተርቧ ነገር! እዚህ አሜሪካ የኔዎቹ ልጆች መጀመሪያ "ኢው" ብለው ከዛ አስር ጊዜ ድገመው የሚሉኝ ዓይነት ነው። የኔ ሐሳብ ቪላኑን ባህር ዛፍ አድርጊው፣ ከባህር ማዶ የመጣ ክፉ ንጉሥ፣ ወታደሮቹ በሰልፍ ቀጥ ብለው የቆሙ፣ የምንጩን ውሃ ሁሉ የሚጠጣ።

የእንጦጦ ስር ልጅ፦
ኧረ ወንድሜ ቀስ! ባህር ዛፍን መስደብ ፋሽን ሆኗል። በምኒልክ ጊዜ ባይመጣ ኖሮ አዲስ አበባ በማገዶ እጦት ዋና ከተማነቷም ይቀር ነበር። እናቴ ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክማ እየወረደች ነው ያሳደገችን፣ እኔ ከሸክሙ ስር እግሯን ብቻ እያየሁ ከኋላ ከኋላ እሄድ ነበር፣ ሽታው እስከዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ። ውሃ ይጠጣል፣ አልካድኩም። ግን ክፉ ንጉሥ አይደለም፣ ሰው አገር መጥቶ ለፍቶ የሚበላ ነው፣ ግማሹ ይወደዋል ግማሹ ለምን መጣብን ይለዋል። አንተ ራስህ ሲልቨር ስፕሪንግ ነህ እኮ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ፦
ሃሃሃሃ በቃ ተሸነፍኩ፣ ንጉሡን አወረድኩት።

አንኮበሬው፦
እንዴ አንኮበር አጠገብ ያለውን የወፍ ዋሻን ደን የሚያነሳ ጠፋ? አፄ ዘርአ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከኛ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው አዲስ አበባ አጠገብ መናገሻ ላይ አስተከሉ ይባላል፣ የመናገሻ ሱባ ጥድ ዘመዳችን ነው። እና ያንን ዘር ማን ተሸክሞት ሄደ? በዛን ጊዜ መንገድ፣ በእግር፣ በብርድ፣ ስንት ወንዝ ተሻግሮ። አንዲት የ8 ዓመት ልጅ ስልቻዋ ውስጥ ዘሩን ይዛ ብትጠፋ፣ ወፎቹ ደግሞ ፍሬውን ስለሚወዱት ቢከተሏት... ካልጻፍሽው እኔ እጽፈዋለሁ።

የኮተቤ እናት፦
እግዜር ይስጣችሁ። ቅዳሜ ዘመዴ ሾላ ለቅማ አመጣችልኝና ልጄን ጠርቼ መክተፊያ ላይ ለሁለት ሰነጠቅኩት። ውስጡ ቀላ ያለ ነው፣ እንደ ጥርስ የተደረደረ ነገር፣ ትንሽ ቆይቶ አንድ ጥቁር ነጥብ ተንቀሳቀሰች፣ ከዛ ሌላ። ልጄ ጮኻ ከወንበሩ ላይ ዘለለች፣ ከዛ ተመልሳ መጣች፣ ከዛ የኔን ስልክ ወስዳ መብራቱን አብርታ አፍንጫዋ መክተፊያው እስኪነካ ተደፋችበት። የተርቧን ነገር እንዳለ ነገርኳት፣ የሞቷን ብዘለው ሁሉ አስቤ ነበር፣ ግን "ክንፏ ከተነቀለ በምን ትመለሳለች?" አለችኝ። አትመለስም አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና "እሷን ጻፊ፣ ጺም ያለውን ተይው" አለች።

ስለዚህ ሽማግሌው ዛፍ ተሰርዟል። ሾላው አሁን አያወራም፣ በሩን ብቻ ነው የሚዘጋው። የደን ሰው አንድ ጥያቄ፣ ያ የተነቀለው ክንፍ የት ነው የሚቀረው? ልጄ ክንፎቹን የሚሰበስብ ሰው መኖር አለበት እያለች ነው።

የደን ሰው፦
ብዙውን ጊዜ እዛው ቀዳዳዋ ላይ ተሰክቶ ይቀራል። ሌንስ ካላችሁ ጫፏን እዩት፣ ሽንኩርት ልጣጭ መስሎ ብልጭ ይላል።