የእናቴ ስኳር ከ206 ወደ 11 ወርዷል፤ ስኳር ላጠጣቸው ወይ?

የቢቸና ልጅ (ጠያቂ)፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። እናቴ ባለፈው ሳምንት ተመርምረው ስኳራቸው 206 በመሆኑ «ዓይነት 2 የስኳር በሽታ ነው» ተብለው መድኃኒት ጀምረዋል። ዛሬ ካናዳ ያለው ወንድሜ በላከው መሣሪያ ብለካቸው 11.4 አለ፤ ደግሜ ብለካ 11.2 ሆነ። ከ70 በታች ከወረደ አደገኛ እንደ ሆነ ተነግሮናል። እርሳቸው ቡና እያፈሉ «ምንም አልሆንሁም» ይሉኛል፤ እኔ ግን ስኳር በጥብጬ ብርጭቆ ይዤ ቆሜያለሁ።

ጮቄ፦ ብርጭቆውን አስቀምጥ። ስኳራቸው በእውነት 11 ቢሆን ኖሮ ቡና ማፍላት ቀርቶ ራሳቸውንም ባላወቁ ነበር። የበጠበጥኸውን አንተ ጠጣው፤ የደነገጥኸው አንተ ነህ።

የዳሞት ሰው፦ ልጄ፣ አስቀድሞ በሽታውን ማወቅ ይገባል። ቆሽት የሚባለው የሰውነት ክፍል ኢንሱሊን ያመነጫል፤ በዓይነት 2 ግን ሰውነት ለኢንሱሊን እንደ ቀድሞው አይታዘዝም፣ ቆሽትም ውሎ አድሮ ይደክማል፤ ስለዚህ ከእንጀራውም ከዳቦውም ከጠላውም የሚገኘው ስኳር ወደ ሰውነት ሳይገባ በደም ውስጥ ይከማቻል። ሰው ሁሉ ሻይ ያለ ስኳር መጠጣቱን ብቻ ይቆጥርና ሦስት እንጀራ ይበላል። እኔ ራሴ የእንጀራውን ብዛት ከቀነስሁ ወዲህ ነው ልኬቴ የተስተካከለው።

የዳንግላዋ፦ እኔ መነሻውን እጠራጠራለሁ። 206 የተገኘው ምግብ ተበልቶ ከሆነ፣ በአንድ ልኬት ብቻ ሰውን የስኳር ሕመምተኛ ማለት አይቻልም። በባዶ ሆድ ተለክቶ 126 ወይም ከዚያ በላይ መሆኑ በሌላ ቀን ተደግሞ መረጋገጥ፣ አለዚያም የ3 ወር ስኳር የሚባለው ምርመራ 6.5 በመቶና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። መድኃኒቱን ከማስዋጥህ በፊት ይህን ጠይቅ።

ነርስ ከማርቆስ፦ ጠያቂው ሆይ፣ ስኳር አታጠጣቸው፤ መሣሪያውም አልተበላሸም። በመስኮቱ ላይ ከቁጥሩ አጠገብ ያለውን ትንሽ ጽሑፍ ተመልከት። እኛ አገር በብዛት የምንለካው በሚሊግራም በዴሲሊትር ሲሆን ካናዳ የሚለካው በሚሊሞል በሊትር ነው፤ የሚሊሞሉን ቁጥር በ18 ስታባዛው የእኛ ቁጥር ይመጣል። ስለዚህ 11.4 ማለት 205 ነው፤ ያው ባለፈው ሳምንት የተነገራችሁ ነው፣ አልወረደም። በዚህ መሣሪያ የምትፈራው 70 የሚታየው 3.9 ሆኖ ነው። ለብዙ አዋቂዎች በባዶ ሆድ ከ80 እስከ 130 የሚባለው ከ4.4 እስከ 7.2 ይሆናል፤ ምግብ ከጀመሩ ከ2 ሰዓት በኋላ ከ180 በታች የሚባለው ደግሞ ከ10 በታች ነው። የእናትህን ልክ ግን የሚከታተላቸው ሐኪም ይወስን። መቼ እንደ በሉ፣ እጃቸውንም ታጥበው እንደ ሆነ አልነገርኸንም፤ ያለ እነዚህ ቁጥሩ ብቻውን ብዙ አይናገርም።

የዳንግላዋ እኅቴ የጠቀሰችው ደንብ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ውኃ የሚጠማውና ሽንት የሚያመላልሰው ሰው በማንኛውም ሰዓት ተለክቶ 200 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ያ ይበቃል። ስለዚህ ሳይጠየቅ መድኃኒት አይቋረጥ።

ቡሬ፦ መልሱ ቀላል ነው፤ በ18 አባዛው።

ጮቄ፦ ይህንኑ ነርሷ ከአንተ በፊት ጽፋለች።

ቡሬ፦ እኔ ያሳጠርሁት እንዲነበብ ብዬ ነው።

የቢቸና ልጅ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ጽሑፉ እንዳላችሁት ሚሊሞል በሊትር ነው። ውኃ ጥሙና የሽንቱ መመላለስም ነበረባቸው፤ የታወቀ መስሎኝ ሳልጽፈው ቀረሁ። ምሳ ከበሉ ገና አንድ ሰዓት ቢሆን ነው፤ ለካስ ቡናውን ከመጣዳቸው በፊት ከቀፎ የመጣ ማር ሲያጣሩ ነበር። በሳሙና አስታጥቤ ብለካቸው 9.6 ሆነ። ታዲያ ነገ ጠዋት በባዶ ሆድ 8 ቢያሳይ ክኒኑን አንድ ልጨምርላቸው?

ነርስ ከማርቆስ፦ አትጨምር። 9.6 በእኛ 173 ያህል ነው፤ ጣት ላይ የቀረች ጥቂት ማር ልኬትን ከፍ ታደርጋለችና ከመለካት በፊት ሁልጊዜ በውኃና በሳሙና ይታጠቡ፣ በደንብም ያድርቁ። ጠዋት ምንም ሳይበሉ ከፍ ቢል ደግሞ አትደንግጥ፤ ሊነጋ ሲል ጉበት ያጠራቀመውን ስኳር ይለቃል። 8 ማለት 144 ነውና ከሚፈለገው ትንሽ ቢያልፍም ለአንድ ቀን ልኬት ክኒን አይጨመርም። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ከምግብ በፊት ወይም በኋላ መሆኑን ጽፈህ ለቀጠሮ ውሰድ። አሁን ግን የክኒኑን ስም ንገረኝ፤ ሜትፎርሚን ብቻውን ከሆነ ስኳርን ከልክ በታች የሚያወርደው ከስንት አንዴ ነው፣ ግሊቤንክላሚድ ከሆነ ግን ምግብ ሲዘሉ ወይም ሲጾሙ ሊያወርድ ስለሚችል የምነግርህ ይለያል።

የዳሞት ሰው፦ የጾሙን ነገር እኔም ልጠይቅ ነበር።

ነርስ ከማርቆስ፦ ጠያቂው፣ የክኒኑን ስም እየጠበቅሁ ነው።

ጮቄ፦ የበጠበጠውን ጠጥቶ ተኝቶ ይሆናል።